የተደበቀ ፎቶግራፍ መቼ ይውጣ?

አንድ መንግሥት በስለላ ያገኘውንና በምሥጢር የያዘውን ፎቶግራፍ ለፖለቲካ ጉዳይ ብሎ በአደባባይ ማሳየት ይገባዋልን? ጥያቄው ለእኛ ለአምቦ ወጣቶች የራቀ ይመስላል። የስለላ አውሮፕላንም ሆነ ሳተላይት የለንም። ነገር ግን በቅርቡ በአገልግሎት ክፍላችን በተነሣ አንድ ክርክር ምክንያት ብዙ አሰብሁበት። ወደ ክርክሩ ኋላ እመለሳለሁ።

ጥቅምት 15 ቀን 1955 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት የአሜሪካው አምባሳደር አድላይ ስቲቨንሰን፣ ዩ-2 የተባለው የስለላ አውሮፕላን ያነሣቸውን ፎቶግራፎች አቁመው ሶቪየት ኅብረት በኩባ ሚሳይል መትከሏን ለዓለም አሳዩ። እንዲህ ያለው ምሥጢር ሲወጣ ዋጋ ያስከፍላል፤ ባላጋራ የካሜራው ዓይን እስከ ምን ድረስ እንደሚያይ ያውቅበታልና። ቢሆንም የዚያን ቀኑ ማሳየት ተገቢ ነበር እላለሁ፤ አደጋው ገና አልደረሰም፤ የተከሰሰውም ወገን እዚያው ተቀምጦ ሊከራከር ይችል ነበር። የሚያስገርመው ግን እኚሁ ሰው በሚያዝያ 1953 ዓ.ም. በዚያው ድርጅት የአንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ፎቶግራፍ አሳይተው፣ ከኩባ አየር ኃይል የከዳ ነው ብለው ነበር። ኋላ ነገሩ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ማታለያ ሆኖ ተገኘ፤ እርሳቸውም አላወቁም ነበር። ጥር 28 ቀን 1995 ዓ.ም. ኮሊን ፓወል የኢራቅን የሳተላይት ፎቶግራፎች በዚያው ምክር ቤት ሲያሳዩም ሕንፃዎቹና መኪናዎቹ እውነተኛ ነበሩ፤ የተሰጣቸው ትርጉም ግን ሐሰት ሆኖ ቀረ።

የእኛ አገር ታሪክ ከዚህ ይልቅ ይከብደኛል። የስለላ ፎቶግራፍ ባይሆንም፣ ከሕዝብ ዓይን የተሰወረ ነገር ነበር። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው የረሃብተኞቹን ፎቶግራፍ አንሥተው በግቢው ውስጥ አሳዩ። መንግሥት ግን ነገሩን መሸፈን መረጠ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘውን ፊልሙን በአገሩ ቴሌቪዥን ባቀረበ ጊዜ ብዙ ሰው ደንግጦ ለእርዳታ ተነሣ። ለራሱ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ፊልሙ በቴሌቪዥን የታየው አሥራ አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ የረሃብተኞቹን ሥቃይ ከቤተ መንግሥቱ ግብዣና ድሎት ጋር እያፈራረቀ አሳየው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። አያቴ ፊልሙን አላዩትም፤ ያን ጊዜ ሀገረ ሕይወት በምትባለው በዚችው በአምቦ ሆነው ወሬውን ብቻ ሰሙ። «ሰው ሲያልቅ እንዴት ይህን ያህል ጊዜ አልነገሩንም?» ብለው ነበር ይላሉ።

ፊልሙ መታየት አልነበረበትም የሚል ካለ አልስማማም። የታየው ሁሉ እውነት ነበር፤ ጥፋቱም የደባቂዎቹ ነው። የሚያስጨንቀኝ ቀኑ ነው። ዓመት ቀደም ብሎ ቢታይ ኖሮ እህል ይዞ ወደ ወሎ የሚሄድ ስንት ሰው በተነሣ ነበር? በመስከረም 1 ግን ተመልካቹ የተጠራው ለማብላት ሳይሆን ለመቍረጥ ነበር። ከዚያም ፊልሙ ምስክር መሆኑ ቀርቶ እንደ ዳኛ ተቈጠረ። ስለ ረሃቡ ተጠያቂዎች ጭምር ይመረምር የነበረው ኮሚሽን ሥራውን ሳይጨርስ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ፊልም መስቀለኛ ጥያቄ አይጠየቅም፤ ሰው ግን ይጠየቅ ነበር።

ያው መንግሥት በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ በሰሜን ሌላ ረሃብ ነበር። ከበዓሉ በፊት ጋዜጠኞች ወደ ሥፍራው እንዳይሄዱ ይከለከሉ ነበር። የኮረም ረሃብተኞች በቢቢሲ የታዩት ጥቅምት 13 ቀን ነው። እንግዲህ ያን ፊልም ያወጣው እጅ፣ ተራው ሲደርስ ሌላውን ደበቀ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ተሰውሮ የተቀመጠ ፎቶግራፍ አስቀድሞ የሚገባው በውስጡ ላለው ሰው ነው፤ መውጣት ያለበትም ያን ሰው በሚጠቅምበት ቀን ነው እንጂ ያዢውን በሚጠቅምበት ቀን አይደለም።

አሁን ወደ ክርክራችን ልመለስ። የአንዲት አረጋዊት እናት ቤት ጣራው ተቀዶ ዝናብ ሲገባበት የሚያሳይ ፎቶግራፍ በክፍላችን አለ። በሐምሌ ወር ሲነሣ የቀድሞው ኮሚቴ «ሰው ቢያየው ምን ስትሠሩ ነበር እንባላለን» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። አዲሱ ኮሚቴ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ሊያሳየው አሰበ። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡን ያቀረብሁት እኔ ነኝ፤ ዓላማዬም ጣራውን ማሠራት ብቻ አልነበረም።

ፈቃዳቸውን ለመጠየቅ ሁለት ሆነን ሄድን። ፎቶግራፉን ተቀብለው ብዙ ካዩት በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ይህ በክረምት የተነሣው አይደለም ወይ? ያን ጊዜ ለማን አሳያችሁት?» አሉን። ጓደኛዬ ወደ እኔ ተመለከተ፤ የምመልሰው አጣሁ።

ፎቶግራፉን ለእርሳቸው ትተን ወጣን። ለቆርቆሮው የሚሆነውን ገንዘብ ቅዳሜ እንሰበስባለን። ስለ ቀድሞው ኮሚቴ ለጉባኤው ምን ማለት እንዳለብኝ ግን ገና አልወሰንሁም።