የመጀመሪያው ጠመንጃና የጀግንነት ሚዛን

የሰው ልጅ መሣሪያውን በፈቃዱ ይመርጣል፤ የመረጠው መሣሪያም በተራው የመራጩን ጠባይ ይገልጣል። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋማ አገሮች ይህ እውነት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በጠመንጃ ላይ ነው። አንድ ጎልማሳ በሬ ሸጦም ሆነ ከአባቱ ወርሶ የመጀመሪያ ጠመንጃውን ሲጨብጥ ዕቃ ገዛ ብቻ አይባልም ነበር፤ ሰው ሆነ ይባል ነበር። ስለዚህ ትልቅ አውሬ ለማደን የተነሣ ጀማሪ የትኛውን ጠመንጃ ይምረጥ የሚለው ጥያቄ የገበያ ጥያቄ ቢመስልም፣ በውስጡ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያዘለ ነው። ሕይወት የሚያጠፋ መሣሪያ የጨበጠ ሰው ግዴታው ምንድን ነው?

በቀድሞው የሸዋ ቤተ መንግሥት ዝሆን፣ አንበሳና ጎሽ የገደለ ሰው ከጦር ሜዳ ጀግና ጋር ተቆጥሮ ይከበር ነበር። አንበሳ ገዳይ ጎፈር ደፍቶ በድግስ መካከል ይፎክራል። ዝሆንና ጎሽ በደጋው ብርድ ስለማይገኙ፣ የመንዝ አዳኝ ግዳይ ፍለጋ ወደ ቆላ መውረድ ነበረበት። ጦር ይዞ በሚወርድበት ዘመን አዳኙም እንደ አውሬው ሁሉ ሕይወቱን ያስይዝ ነበርና፣ ያገኘው ክብር ዋጋ የተከፈለበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሐሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ 300 ጠመንጃ አቀረበ፤ በኋላም በዐፄ ምኒልክ ዘመን ጠመንጃ በብዛት ወደ አገር ገባ። በዚህ ጊዜ የአዳኙ አደጋ ቀነሰ፤ ክብሩ ግን ባለበት ጸና። ትናንት በድፍረት ይገኝ የነበረው ስም፣ ዛሬ በጥይት ብዛት ሊገኝ ቻለ።

ባላገሩ ውጅግራ ብሎ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1874 በፈረንሳይ የወጣ፣ 11 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ነው። ለበን የሚባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ፣ 8 ሚሊሜትር የሆነ፣ ጢስ በሌለው ባሩድ የሚተኩስና ብዙ ጥይት የሚጎርስ ነው። ውጅግራ የያዘ ሰው አንዲቱን ጥይት እንደ ተኮሰ ጢሱ ዐይኑን ይጋርደዋል፤ ቀለሁን አውጥቶ ሌላ እስኪያጎርስ አውሬው ወይ ይሸሻል፣ ወይ ይመጣበታል። ስለሆነም ከመተኮሱ በፊት ያስባል። ለበን የያዘው ግን «ብስት ሌላ አለኝ» በሚል ሐሳብ ሊዘናጋ ይችላል። ከዚህ ተነሥቶ አንድ ጎራሹን ጨዋ፣ ብዙ ጎራሹን ባለጌ ለማለት የሚቃጣው አይጠፋም። ይሁን እንጂ የቆሰለውን አውሬ ከሥቃይ ፈጥኖ የሚገላግለው ያው ሁለተኛው ጥይት ነው። እንግዲያስ ትዕግሥት በብረቱ ውስጥ አልተቀመጠም፤ በያዡ ውስጥ መፈለግ አለበት።

የጥይቱ መጠንም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ደብልዩ. ዲ. ኤም. ቤል የተባለው ዕውቅ አዳኝ ከ1,000 በላይ ዝሆኖች የገደለ ሲሆን፣ አብዛኛዎቹን የጣለው 7 ሚሊሜትር በሆነ ቀላል ጠመንጃ ነው። ለዚህ ያበቃው የዝሆንን የራስ ቅል አሠራር ጠንቅቆ ማጥናቱ ነበር። ያለ ዕውቀቱ ጠመንጃውን ብቻ የሚወርስ ጀማሪ ግን በየጫካው ቁስለኛ ይበትናል። በዚህም ምክንያት በርካታ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አውሬ ከ9.5 ሚሊሜትር ያነሰ ጠመንጃ እንዳይያዝ በሕግ ወስነዋል። በአንጻሩ ርግጫውን የማይችለውን ከባድ ጠመንጃ ለታይታ የመረጠ ሰው ቃታውን ሲስብ ዐይኑን ይጨፍናል፤ ዒላማውንም ይስታል። በሁለቱም መንገድ የመራጩን ከንቱ ውዳሴ በሥቃዩ የሚከፍለው እንስሳው ነው።

ልክን ማወቅ ግን ለአንድ ሰው ኅሊና ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ለዚህ ማስረጃው ከመንዝ ይገኛል። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጓሳ ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ እጅግ ተፈላጊ ቢሆንም፣ ሕዝቡ የመረጠው አለቃ ካልፈቀደ ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት ክልክል ነበር፤ ምድሩ ለዓመታት ተዘግቶ የሚቆይበት ጊዜ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲሽር ቄሮም አብሮ ቀረ፤ ጓሳም ለጉዳት ተጋለጠ። ነዋሪው ግን ዝም ብሎ አልተመለከተም፤ በኋላ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሟል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ዛሬም በጓሳ ይኖራሉ።

የጓሳ ሕግ የተደነገገው ስለ ሣር እንጂ ስለ ጠመንጃ አይደለም። ሆኖም ማጭድ የያዘ ሰው ማጨድ ስለ ቻለ ብቻ ማጨድ እንደማይገባው አስተምሯል። ለጠመንጃም ፍርዱ ይኸው ነው። ጀማሪው ሊሸከመው የሚችለውን፣ አውሬውን ሳያሠቃይ የሚጥለውን፣ ፈቃድና ሕግ የደገፉትን ይምረጥ። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን የማይተኩስበትን ይወቅ። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የሉም፤ እነርሱን የሚገድል ሰው የሚፎክርበት ጀግንነት የለውም። አፈሙዙን ዝቅ አድርጎ ወደ ቤቱ የተመለሰ አዳኝ በድግስ ላይ የሚያሳየው ግዳይ አይኖረው ይሆናል፤ ልጁ ግን ነገ እዚያው ቆላ ወርዶ አውሬውን በሕይወት ያየዋል።