አፈር ስም አለው፤ እጅስ?

ሻምፓኝ መጠጥ ከመሆኑ በፊት አገር ነው። ከፓሪስ በስተምሥራቅ የሚገኝ፣ አፈሩ ኖራማ፣ ብርዱ የሚያንገበግብ አገር። ወይኑ እዚያ ተተክሎ፣ እዚያ ተለቅሞ፣ እዚያው ጠርሙስ ውስጥ ዳግመኛ ካልፈላ በቀር ሌላው አረፋማ ወይን ጠጅ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ሻምፓኝ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢቭ ሳን ሎራን የተባለው ስመ ጥር የፋሽን ቤት «ሻምፓኝ» ብሎ ያወጣውን ሽቶ በዚህ ስም እንዳይሸጥ የፓሪስ ፍርድ ቤት አግዶታል። ሽቶ እኮ ነው! ወይን ጠጅ ነው ብሎ ተታሎ የሚጠጣው ሰው የለም። ፍርድ ቤቱ ግን ሌሎች የገነቡትን የስም ዝና ያለአግባብ መጠቀምም ጥፋት ነው አለ።

እኔ የምኖረው ጉለሌ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ከቤቴ በእግር የሚደረስ ገበያ ነው። ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ ነጠላው፣ ኩታው፣ ጋቢው፣ የሐበሻ ቀሚሱ ተሰቅሎ በነፋስ ይውለበለባል። ከበስተኋላ ባሉት ጠባብ ግቢዎች ውስጥ ደግሞ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲወረውር ይውላል። ስለ ፈረንሳይ የወይን ሕግ ማንበብ የጀመርኩት የወይን ጠጅ አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም። እነዚያ ሰዎች በስም ጉዳይ የተሟገቱት ሙግት የሽሮ ሜዳን ጥያቄ አጥርቶ ስላሳየኝ ነው። ጥያቄው ይኸው ነው፦ የአንድ ሥራ ስም የማን ነው? የአፈሩ፣ የእጁ ወይስ የነጋዴው?

እስቲ ከሻምፓኝ እንጀምር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሻምፓኝ ገበሬ ተቸግሮ ነበር። ፊሎክሴራ የምትባለው ነፍሳት የወይን ሥሩን እየበላች ነው፤ አየሩ ከፍቷል፤ ምርቱ ጠፍቷል። አንዳንድ ነጋዴዎች ታዲያ ከሌላ የፈረንሳይ ክፍል ርካሽ ወይን እያስጫኑ አምጥተው፣ አረፋ አስይዘው፣ ሻምፓኝ ብለው ይሸጡ ጀመር። ለገበሬው ፍሬው ቀርቶ ስሙ ብቻ ነበር የተረፈው፤ እሱም ተወሰደበት። እ.ኤ.አ. በ1911 ሕዝቡ ገንፍሎ ወጣ። የነጋዴዎቹን በርሜሎች እየሰበረ ወይኑን መንገድ ላይ ደፋው፤ አዪ በምትባለው ከተማ ቤቶች ተቃጠሉ፤ መንግሥት ወታደር ላከ።

ሕጉ የተወለደው ከዚህ ዓይነት ምሬት ነው። በ1919 የትውልድ ስም ሕግ ወጣ፤ በ1935 ደግሞ ዛሬም የሚሠራበት ሥርዓት ተዘረጋ። ሥርዓቱ የሚለው ባጭሩ፦ ይህን ስም የሚሸከመው ከዚህ እስከዚህ ካለው መሬት የበቀለ፣ ከዚህ ዓይነት ዘር የሆነ፣ በሄክታር ከዚህ መጠን ያላለፈ ነው። ባለቤቱ ቢለዋወጥም ስሙ አይነቃነቅም። ቡርጎኝ ውስጥ ክሎ ደ ቩዦ የሚባል፣ መነኮሳት በድንጋይ አጥር ያጠሩት የወይን ቦታ አለ። 50 ሄክታር ገደማ ነው፤ ዛሬ ወደ 80 የሚጠጉ ባለቤቶች ተከፋፍለውታል። አንዱ ጎበዝ ነው፣ አንዱ ሰነፍ ነው፤ ስሙ ግን የሁሉም ነው። ማንኛቸውም ድርሻቸውን መሸጥ ይችላሉ፤ ስሙን ነቅለው ሌላ ቦታ ሊተክሉት ግን አይችሉም።

ይህ አስተሳሰብ ደስ የሚል ነገር አለው። ስምን ገንዘብ ያለው ሁሉ እንዳሻው ጠቅልሎ እንዳይሄድ ያደርጋል። የእኛም አገር ምሳሌ አለ። ካስቴል የተባለው የቦርዶ ኩባንያ ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ፣ ሜርሎና ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ተክሎ ወይን ጠጅ ያመርታል። ዘሩ የፈረንሳይ ነው፤ ሙያው የፈረንሳይ ነው፤ ባለቤቱም ፈረንሳዊ ነው። ይሁንና ጠርሙሱ ላይ «ቦርዶ» ብሎ መጻፍ አይችልም። የጻፈው «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» ነው፤ የስምጥ ሸለቆውንና የግራሩን ስም። ዘር ይሰደዳል፣ ስም ግን ካፈሩ አይነሳም ማለት ነው።

ነገር ግን ወሰን ሲሰመር ሁልጊዜ ከወሰኑ ውጪ የሚቀር ሰው አለ። የሻምፓኝን ድንበር መጀመሪያ ሲያሰምሩ በስተደቡብ ያለውን የኦብን አውራጃ ተዉት። የጥንቷ የሻምፓኝ መዲና ትሯ ያለችው ግን እዚያው ኦብ ውስጥ ነው! የኦብ ገበሬዎችም በ1911 አደባባይ ወጡ። እነሱን ለማባበል መንግሥት ሲያመነታ ደግሞ የማርን ገበሬዎች ተነሡ፤ የአዪም ቃጠሎ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኦብ ሙሉ በሙሉ ሻምፓኝ የተባለው በ1927 ነው። እንግዲህ «አፈሩ ይናገራል» ይባላል እንጂ አፈር ራሱ ወሰን አይናገርም። ወሰኑን የሚናገረው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ጥቅም አለው፣ ጎረቤት አለው፣ ቂም አለው።

የእኛ ቡና ወደዚህ ሙግት በሌላ በር ገባ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስም የንግድ ምልክቱ ቀርቶ እንደ ወይን ጠጁ ያለ የትውልድ ቦታ ማረጋገጫ ይሻላችኋል የሚል ሐሳብ አቀረበ። የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት መልስ ቀላልና ብልህ ነበር፦ ቡናችን እጅግ ብዙ በሆኑ አነስተኛ ገበሬዎች ጓሮና ማሳ የሚበቅል ነው፤ እያንዳንዱን ማሳ እየለኩ፣ እየተቆጣጠሩ ማረጋገጥ ለድሃ አገር የሚቻል አይደለም። በመጨረሻም በ2007 ስምምነት ላይ ተደረሰ። ከሁሉ ያስገረመኝ ኢትዮጵያ ስሞቹን ለመጠቀም ለሚፈርሙ ኩባንያዎች ያቀረበችው ውል የሮያሊቲ ክፍያ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። የተጠየቀው በቅድሚያ ዕውቅና ነው፦ ስሙ ባለቤት እንዳለው ማመን፣ በስሙም በአግባቡ መጠቀም።

እዚህም ላይ ግን ጥያቄው አላለቀም። «ሲዳሞ» የቀድሞው ክፍለ ሀገር ስም ነው። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው ሲዳማ ብሎ ነው፤ ከ2020 ወዲህም ክልሉ በዚሁ ስም ተቋቁሟል። ይርጋጨፌ ደግሞ ጌዴኦ ውስጥ ናት። ዓለም ከቡና ከረጢት ላይ የሚያነበው ስም አስተዳደር የሰጠው ስም እንጂ ገበሬው በቤቱ የሚጠራው ስም ላይሆን ይችላል። ስምን ከባዕድ ነጋዴ ማስመለስ አንድ ነገር ነው፤ የተመለሰው ስም የሠራተኛው ስም መሆኑ ሌላ ነገር ነው።

ይህ ወደ ሽሮ ሜዳ ይመልሰኛል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ አብዛኛው ሥሩ ከጋሞ ደጋ ነው፤ ከዶርዜ፣ ከጨንቻ፣ ከአካባቢው። እንጦጦ ሥር የበቀለ ጥጥ የለም፤ የጉለሌ አፈርም ለጥለት የሚሰጠው ቀለም የለም። ከጋሞ ደጋ የመጣው እጅ ነው። አባት ከልጁ ጎን ተቀምጦ ድርና ማግ ሲያስተምር የተሻገረ ሙያ ነው። በፈረንሳዩ ሕግ ቢሄዱ ይህ ሸማ ስም አያገኝም፤ ከአፈሩ ርቋልና። ስሙን እንስጠው ብንል ደግሞ የዶርዜ ነው ወይስ የሽሮ ሜዳ?

የእኛ ታሪክ ለዚህ የሰጠው መልስ መራራ ነው። ሸማው «የሐበሻ ልብስ» ተብሎ የሁሉም ሆነ። «ዶርዜ» የሚለው ስም ግን በአዲስ አበባ አፍ ከየትም የጋሞ መንደር ለመጣ ሸማኔ ሁሉ መጠሪያ ሆነ፤ ብዙ ጊዜም በንቀት ይባል ነበር። ሻምፓኝ ላይ የቦታ ስም ገበሬውን ሲያስከብር፣ እዚህ የቦታ ስም ሠሪውን ማዋረጃ ሆነ። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪውን መስደብ ሥር የሰደደ በሽታችን ስለነበር አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። የሠራውን ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ስመን፣ ሠርግ አድምቀን፣ ሠሪውን ግን ደጅ ላይ አቆምነው። ክብሩን ወስዶ ንቀቱን ለሠሪው መተው፣ የስም ስርቆት ከዚህ በላይ አለ?

አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። ጥለቱ በማሽን የታተመበት፣ ከውጭ የሚገባ ጨርቅ። ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ለምርቃቷ ከዚህ ጨርቅ የተሰፋ ቀሚስ ልትገዛ ስታስብ አማከረችኝ። በእጅ የተሠራው ዋጋ እሷ ካላት ብዙ እጥፍ ነው። «አጎቴ፣ ከሩቅ ማን ይለየዋል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከሩቅ አይለይም። ጎረቤታችን የሆኑትን አንድ አዛውንት ሸማኔ ጠየቅኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ሰው ያቅሙን ይልበስ፤ ራቁቱን አይሂድ» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ «እኔን የሚያንገበግበኝ ያንን ጥበብ ነው ሲሉ ነው። ጥበብ ይሠራል እንጂ ይታተማል እንዴ?» አሉ።

እሳቸው በሁለት ዓረፍተ ነገር የለዩትን እኔ በብዙ ንባብ ነው የለየሁት። መልበስ፣ መቅዳትና መሰየም ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ልጅቷ ብትለብስ ማንንም አልበደለችም፤ ድህነትን በድሃ ላይ ጥፋት ማድረግ ግፍ ነው። መቅዳትም ሁልጊዜ ኃጢአት አይደለም። የጥለት ንድፍ ከሸማኔ ሸማኔ ሲቀዳ፣ ሲሻሻል ነው እዚህ የደረሰው፤ መቅዳት ቢከለከል ሙያው ራሱ ይሞት ነበር። በደሉ ያለው መሰየም ላይ ነው፦ የታተመውን «የሽሮ ሜዳ ጥበብ» ብሎ መሸጥ ላይ። ያን ጊዜ ገዢው ይታለላል። ሸማኔውም ለቀናት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሠራው ሥራ ማሽን በደቂቃ ከሚተፋው ጋር አንድ ስም ሲሰጠው፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። የ1911 የሻምፓኝ ገበሬ የተቆጣው ሌላ ሰው ወይን ጠጅ ስለሠራ አልነበረም። የእሱ ድካም ስም ሌላው ጠርሙስ ላይ ስለተለጠፈ ነው።

ታዲያ ለሸማው ማኅተም ይበጅለት፣ ነገሩ ያበቃል? እኔ እንደዚያ አላምንም። «በእጅ የተሠራ» የሚል ማኅተም የማን እጅ እንደሆነ አይናገርም። ከጋሞ ደጋ በዘመድና በደላላ እየመጡ፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ ያለ ደመወዝ ሽመና ላይ የሚውሉ ሕፃናት ጉዳይ ብዙ የተጻፈበት፣ የታወቀ ጉዳይ ነው። ያ ጥለትም በእጅ የተሠራ ነው። ሻምፓኝም ከዚህ አልዳነም። በ2023 የወይን ለቀማ ወቅት 57 ለቃሚዎች፣ አብዛኞቹ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ፣ ለሰው በማይገባ ቤት ታጉረው ሲሠሩ ተገኙ። በ2025 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን በሰው መነገድ ወንጀል ቀጣ። አፈሩ በካርታ ተለክቷል፤ ዘሩ ተመዝግቧል፤ ዘለላውን የቆረጠው እጅ ግን በስሙ ውስጥ አልተቆጠረም።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ሐሳብ ከፈረንሳዩ ሕግ የሚለየው። ሕጉ ስምን እንደ ርስት ያያል፤ ወሰን ያለው፣ የሚጠበቅ፣ የሚወረስ። እኔ ደግሞ ስም ዕዳ ነው እላለሁ። «ይርጋጨፌ» ያለ ሁሉ ለለቃሚዋ ዕዳ አለበት፤ «ሻምፓኝ» ያለ ለቆራጩ ዕዳ አለበት፤ «ጥበብ» ያለ መወርወሪያውን ለወረወረው ዕዳ አለበት። ርስት የሚጠይቀው «ከወሰኔ ውጣ» ብሎ ነው። ዕዳ የሚጠይቀው «ከፍለሃል ወይ?» ብሎ ነው። ስለዚህም ከጨንቻ ሽሮ ሜዳ የወረደው ሸማኔ አፈሩን ስለለቀቀ ስሙን አያጣም፤ ከመንዝ መጥቶ ከጎኑ ተቀምጦ ሙያውን የተማረውም ባዕድ አይባልም። ስሙን የሚያጣው የሠሪውን ድርሻ የበላው ነው፤ አፈሩ ላይ ተወልዶ ቢያድግም እንኳ።

ይህ ለፍርድ ቤት የማይመች መለኪያ እንደሆነ አውቃለሁ። አፈር ይለካል፤ ሐቅ በሜትር አይለካም። ሆኖም ገዢ ሊጠይቅ የሚችለው ጥያቄ አለ፤ ገንዘብም አያስወጣም፦ «ማን ሠራው? ስንት አገኘበት?» ሽሮ ሜዳ ላይ ይህን ስጠይቅ አንዳንዱ ነጋዴ ይስቃል፤ አንዳንዱ ይገላምጠኛል። አንዳንዱ ደግሞ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ወደ ጓሮው እየጠቆመ፣ «ያውልህ፣ ራሱን ጠይቀው» ይላል። እኔ የምገዛው ከዚህኛው ነው።