ልብስ ጠባቂው ደጋፊ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሐይቅና የአምባሰል ምእመናን፣ 

ግንቦት ወደ ማለቂያው ሲጠጋ የሀገሩ ወሬ አንድ ነው፤ የአውሮፓው ትልቅ ዋንጫ ፍጻሜ። ባለ ባጃጁ የሚወደውን ቡድን ዓርማ መስታወቱ ላይ ለጥፏል። ዲኤስቲቪ ቤቱ የጨዋታውን ሰዓት ጽፎ በሩ ላይ ሰቅሏል። ከቅዳሴ የወጣው ወጣት ገና ከቅጽሩ ሳይርቅ ባልንጀራውን “ቅዳሜ ታለቅሳታለህ!” ይለዋል። እኔም ዛሬ ስለዚሁ ልናገር ነው። “ሰባኪን ደግሞ ኳስ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?” የሚል ቢኖር፣ መንገዱን የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ በቁስጥንጥንያ ምእመናኑ በስቅለት ዕለት እንኳ ወደ ፈረስ እሽቅድምድም በነጎዱ ጊዜ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ቆሞ ገሥጿቸዋል። ሕዝቡ ልቡን ያኖረበትን ቦታ ሰባኪ አላየሁም ሊል አይችልም።

አስቀድመን ግን እንግባባ። ኳስ መውደድ ኃጢአት ነው አልልም። በዲኤስቲቪ ቤቱ አግዳሚ ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ መምህሩና ተማሪው፣ ባለ ሱቁና የቀን ሠራተኛው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ጎል ሲገባ ሰው ያቀፈውን ሰው ስሙን እንኳ አይጠይቅም።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውን ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። በዚያ ጨዋታ እሱም፣ ወንድሙ ኢታሎም፣ መንግሥቱ ወርቁም ጎል አግብተዋል። አምባሰሎች ሆይ፣ ጣሊያን ሀገራችንን ጠቅልሎ ሊወስድበት ያሰበው ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው በእናንተው ውጫሌ ነው። በ1954 ደግሞ ፋሺስት ከሀገር ከተባረረ ገና ሃያ አንድ ዓመት አልሞላውም፤ ጠባሳው በየቤቱ ነበር። ያን ቀን ግን ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ የጣሊያን ስም ለያዘ ልጅ ከልቡ አጨበጨበ። ኳስ ይህን ያህል መልካም ነገር ማድረግ ይችላል። የዛሬው ተግሣጽ ለኳሱ ሳይሆን በኳሱ ዙሪያ ለቆምነው ለእኛ ነው።

የዕለቱ ቃል ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 ነው፤ የቅዱስ እስጢፋኖስ ሞት። በዚህ ሐይቅ ዳር የምንኖር ሰዎች ይህን ታሪክ ከማንም ይበልጥ ልናውቀው ይገባናል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ብዙዎችን ያስተማሩበት ገዳም የሚጠራው በዚህ ሰማዕት ስም ነውና። እስጢፋኖስን የገደለው ጫካ ያደፈጠ ሽፍታ አይደለም፤ ራሱን እንደ ጻድቅ የሚቆጥር ሕዝብ ነው። ጆሮውን ደፈነ፤ ባንድ ድምፅ ጮኸ፤ ባንድ ልብ ሮጠበት፤ ከከተማ ጎትቶ አውጥቶ በድንጋይ ወገረው። ጭፍን ደጋፊ ምን እንደሚመስል የሚጠይቅ ካለ እነዚህን ያስተውል፤ መጀመሪያ ጆሮ ይደፈናል፣ ቀጥሎ ይጮኻል፣ ድንጋዩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያ ግርግር መካከል አንድ ወጣት ቆሟል። እጁ ላይ ድንጋይ የለም። ወጋሪዎቹ ክንዳቸው እንዲፈታላቸው መደረቢያቸውን አውልቀው እግሩ ሥር አኖሩ፤ እሱም ጠበቀላቸው። ያደረገው ይኸው ነው። ስሙ ሳውል ይባላል። መጽሐፍ ግን “እሱስ አልወረወረም” ብሎ አላለፈውም፤ በግድያው መስማማቱን ጻፈበት። ሳውል ጳውሎስ ተብሎ፣ አገር ለአገር ዞሮ፣ ስንት መከራ ከተቀበለ በኋላ እንኳ ያን ልብስ መጠበቁን አልረሳውም። ኢየሩሳሌም ላይ በሕዝብ ፊት ቆሞ ራሱ ተናግሮታል።

ወገኖቼ፣ በየከተማው ድንጋይ ወርዋሪው ጥቂት ነው። ብዙው ልብስ ጠባቂ ነው። የባልንጀራው እናት ስትሰደብ የሚስቅ፣ ጠቡን ከመገላገል ይልቅ በስልኩ የሚቀርጽ፣ ስድቡን ለመቶ ሰው የሚያጋራ፣ ከኋላ ሆኖ “በለው!” የሚል፣ ሲጠየቅ ደግሞ “እኔ ምን አደረግሁ?” ብሎ እጁን የሚያሳይ። እጁማ ባዶ ነው። የሳውልም እጅ ባዶ ነበር።

ታዲያ መቀለድ ተከለከለ ወይ ትሉኛላችሁ። አልተከለከለም። ማብሸቅ ለኳስ ልክ እንደ ጨው ነው፤ ሳይኖር አይጥምም፣ ሲበዛ ድስቱን ያስደፋል። ልኩም አያስቸግርም። ስለ ቡድኑ፣ ስለ በረኛው፣ ስንት ዓመት ዋንጫ እንደናፈቀው ከሆነ ጨዋታ ነው። ስለ እናቱ፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ድህነቱ ከሆነ ድንጋይ ነው። የምትቀልድበትም ሰው ልቡ ውስጥ ምን እንዳለ አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ2009 አርሰናል በማንችስተር ዩናይትድ ተሸንፎ ከአውሮፓ ዋንጫ ሲወጣ ናይሮቢ ውስጥ አንድ ወጣት ደጋፊ ራሱን አጥፍቷል። ከተሸናፊ ጋር የሚቀመጥ ሰው ቃሉን መመጠን አለበት።

ደግሞ ይህን አስቡ፤ የሚወደደው ሩቅ ነው፣ የሚሰደበው ግን ቅርብ። ለንደን ወይም ማድሪድ ያለው ተጫዋች አምባሰል የሚባል ተራራ መኖሩን አያውቅም። ስለ እሱ ሲባል የተዋረደው ልጅ ግን ያንድ ቅሬ ልጅ ነው። ነገ ሐዘን ሲደርስብህ ድንኳን የሚተክለው፣ ቃሬዛ የሚሸከመው፣ ሌሊቱን አብሮህ የሚያነጋው እሱ ነው። በወሎ ቅሬ ማን ክርስቲያን ማን ሙስሊም ሳይባል ሰው ሰውን ይቀብራል። ይህን ታላቅ ነገር ከአባቶቻችን ተቀብለን፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ያልተለያየን ሰዎች በቀይና በሰማያዊ ማሊያ ብንለያይ ምን እንባላለን? ጌታችን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ የነገረው ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ለጠየቀ ሰው ነበር። በምሳሌው ባልንጀራ ሆኖ የተገኘው መንገድ ላይ ለወደቀው ሰው የቀረበው ነው። እኛ የቀረበንን እየጣልን የማያውቀንን ስናነግሥ ምሳሌውን ገለበጥነው።

ነገሩ የሚበላሸው ደግሞ ከፊሽካው በፊት ነው። ግንቦት 21 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ እኛ የእመቤታችንን የደብረ ምጥማቅ በዓል በምናከብርበት ዕለት፣ ብራሰልስ በሚገኘው ሄይሰል ስታዲየም ሊቨርፑልና ጁቬንቱስ ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ሊጋጠሙ ነበር። ጨዋታው ሳይጀመር የሊቨርፑል ደጋፊዎች ወደ ማዶው ተንደረደሩ። የሸሸው ሕዝብ ግንቡ ሥር ተጨናነቀ፤ ግንቡም ተናደ። 39 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ተካሄደ፣ ዋንጫውም ተሰጠ። ለእነዚያ 39 ቤተሰቦች ግን ያ ዋንጫ ምናቸው ነበር?

ይህ የፈረንጅ ነገር ነው አትበሉ። ወልድያ በዚሁ በምናውቀው አስፋልት ወደ ሰሜን ናት። ኅዳር 24 ቀን 2010 ዓ.ም. የወልድያና የመቐለ ቡድኖች እዚያ ሊጫወቱ ቀጠሮ ነበራቸው። ጨዋታው ሳይካሄድ ረብሻ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። በዚያ ዘመን በብዙ ሜዳዎች ይጮኽ የነበረው ስለ ኳስ መሆኑ ቀርቶ ስለ ዘር ሆኖ ነበር። ብዙ ዓመታት ሳይቆጠሩ በዚያው አስፋልት ጦርነት መጣ፤ የሰሜን ወሎ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ደሴ ተሰደደ። ጦርነቱን ስታዲየም ወለደው አልልም፤ ምክንያቱ ሌላም ብዙ ነው። ነገር ግን አፋችን አስቀድሞ በየሜዳው ተለማምዶ አልነበረም ወይ? ያን ጊዜ “ኳስ ነው፣ ያልፋል” ብለን ያሳለፍነው ቃል ስንት ነው?

የተለማመደ እጅ የት እንደሚደርስ ታሪክ ይነግረናል። ዮሐንስ አፈወርቅ በገሠጻት በዚያችው ቁስጥንጥንያ የሠረገላ እሽቅድምድም ደጋፊዎች ሰማያዊና አረንጓዴ ተብለው ተከፍለው ነበር። ባለ ሰማያዊው ባለ አረንጓዴውን በየመንገዱ ይደበድብ፣ ይገድልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ532 ሁለቱ ተባብረው በንጉሥ ዮስጢንያኖስ ላይ ተነሡና ከተማዋን አቃጠሉ። ታላቋ ቤተ ክርስቲያን ሐጊያ ሶፍያም አብራ ነደደች። ንጉሡ ወታደር ላከባቸው፤ በዚያው በእሽቅድምድሙ ሜዳ ውስጥ ያለቀው ሰው 30,000 ያህል እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊ መዝግቧል። አስተውሉ፤ ባላጋራውን በመምታት የሠለጠነ እጅ በመጨረሻ የራሱን ቤተ ክርስቲያን አቃጠለ። ድንጋይ መወርወር የለመደ ሰው ዒላማ አያጣም።

እንግዲህ ያ ልብስ ጠባቂ ወጣት ኋላ ምን ሆነ? ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች ደብዳቤ ጻፈ። በቆሮንቶስ አቅራቢያ በየሁለት ዓመቱ ትልቅ የስፖርት ውድድር ይካሄድ ነበርና ጳውሎስ በሯጮች መስሎ አስተማራቸው፤ እነዚያ የሚደክሙት ለሚጠወልግ አክሊል እንደሆነ አሳሰባቸው። በዚያው ደብዳቤ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይገሥጻል። የቆሮንቶስ ምእመናን በመምህሮቻቸው ስም ተከፋፍለው ነበር፤ ገሚሱ የጳውሎስ፣ ገሚሱ የአጵሎስ፣ ገሚሱ የኬፋ ነኝ እያለ። የዛሬ ሰው ቢሆን “የእኔ ደጋፊዎች በርቱ!” ባለ ነበር። ጳውሎስ ግን የአጵሎስን ወገኖች ብቻ አልወቀሰም፤ በገዛ ስሙ የሚፎክሩትን ጭምር ገሠጸ፤ የተሰቀለላችሁ ጳውሎስ አይደለም አላቸው።

የዛሬው ትምህርት ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ልብስ መጠበቅ የተወ ሰው ምልክቱ የራሱን ወገን መገሠጹ ነው። የማዶውን ደጋፊ መውቀስ ለማንም አይከብድም። ከአጠገብህ ተቀምጦ፣ ያንተኑ ማሊያ ለብሶ፣ ላንተው ቡድን እየጮኸ የሰው እናት የሚሰድበውን “ወንድሜ፣ ይቅር” ማለት ግን ይከብዳል። ክርስትና የሚፈተነው በዚያ ነው። ለተሰዳቢው ከሰው ሁሉ በላይ የሚጠቅመውም የተሳዳቢው ጓደኛ ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ፍጻሜው እስኪደርስ ባለው ሳምንት ይህን አድርጉ። በወገንህ መካከል ክፉ ቃል ሲነሣ አትሳቅ፤ ሳቅህ የወርዋሪው መደረቢያ ማስቀመጫ ነውና። ስድብ የያዘ ምስል ቢደርስህ ካንተ አይለፍ። ለቤትህ ወጪ የያዝከውን ብር በቤቲንግ አታስይዝ፤ ብሩን ያስያዘ ሰው ሲሸነፍ የሚከፋው በቡድኑ ብቻ ስላልሆነ ጠቡም የዚያኑ ያህል መራራ ነው።

ኳስ የምታሳዩ ባለ ቤቶችም ድርሻ አላችሁ። የመግቢያ ዋጋ የተቀበላችሁት ከሁለቱም ወገን ነው፤ በቤታችሁ የሚባለውም ይመለከታችኋል። ከመጀመሩ በፊት ቆማችሁ “ስለ ቡድን እንጂ ስለ ሰው እናት አይወራም” ማለት ገበያ አያሳጣም፤ እንዲያውም ሰላም ያለበትን ቤት አባት ልጁን አምኖ ይልክበታል። አባቶች፣ ልጃችሁ ማታ ሲወጣ “ማን ያሸንፋል?” ብቻ አትበሉት፤ “ከማን ጋር ትመለሳለህ?” በሉት። ከሌላው ቡድን ደጋፊ ጋር ወጥቶ አብሮ የሚመለስ ልጅ ያላችሁ እናንተ ደግ አሳድጋችኋል። ሽማግሌዎችም ሆይ፣ በወሎ አበጋሮች ደም የተቃቡትን ሲያስታርቁ ኖረዋል። ይህ ክብር ነው፤ ነገር ግን ደም እስኪፈስ የምንጠብቅበት ምክንያት የለም። ሁለት ጎረምሶች በማሊያ ሲኳረፉ ጠርታችሁ ቡና አጠጧቸው።

የፍጻሜው ማታ አንዱ አሸናፊ፣ አንዱ ተሸናፊ መሆኑ አይቀርም። ያሸነፍክ ሆይ፣ ዝፈን፣ ጨፍር፤ በተሸነፈው ደጅ ግን አትጨፍር። በማግስቱ አስቀድመህ ሰላም በለው፤ ሻዩን አንተ ክፈል። የተሸነፍክ ሆይ፣ እስጢፋኖስን አስብ። እሱ የወረደበት ድንጋይ ነበር፣ አንተ የወረደብህ ቀልድ ነው። እሱ ለወጋሪዎቹ ይቅርታን ለመነ፤ ያ ጸሎትም በዚያ ቆሞ ልብስ ይጠብቅ የነበረውን ወጣት ሳያገኘው አልቀረም። አንተም ቀልዱን ታግሠህ ብታልፈው ነገ ወዳጅህ የሚሆነው ዛሬ የሳቀብህ ሰው ነው።

ቅዱስ እስጢፋኖስን ያጸና አምላክ ጆሯችንን ከመደፈን፣ አፋችንን ከስድብ፣ እጃችንን ከድንጋይ፣ እግራችንን የወርዋሪ ልብስ ከሚቀመጥበት ቦታ ይጠብቅልን። የሐይቅንና የአምባሰልን ልጆች፣ በቀይም በሰማያዊም የተቀመጡትን፣ በሰላም አስገብቶ በሰላም ያውጣልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።