ስንሮጥ ጆሯችን ውስጥ ማን አለ?

 

የዛሬው ጉዳያችን ትንሽ ይመስላል። ከፈጅር ሰላት በኋላ የስፖርት ጫማ አድርጋችሁ ለምትወጡ፣ ጂም ለምትገቡ፣ ሐኪም «ተንቀሳቀሱ» ላላችሁ ነው። የጫማችሁን ክር ካሰራችሁ በኋላ ስልካችሁን አውጥታችሁ ኢርፎን ትሰካላችሁ። ከዚያ ምንድን ነው የምትከፍቱት?

ከራሴ ልጀምር። ለሩጫ ብቻ የመረጥኳቸው ዘፈኖች ነበሩኝ። ምታቸው ፈጣን ነው፤ ግጥማቸው ግን ልጆቼ ፊት ጮክ ብዬ የማልለው ዓይነት። «እኔ ምቱን ነው እንጂ ግጥሙን አልሰማም» እያልኩ ራሴን አሳምኜ ኖርኩ። አንድ ቀን ዐስር ሰላት ላይ ግንባሬን መሬት አስነክቼ፣ ተስቢሑን ልል ስል የዘፈኑ አዝማች መጣብኝ። ከነዜማው! ያን ሰሞን ሱረቱል ሙልክን ለመሐፈዝ እየታገልኩ ነበር። ሳምንታት የደከምኩባቸው አንቀጾች ይጠፉብኛል፤ አንድም ቀን ልያዘው ብዬ ያላሰብኩት ግጥም ግን ቃል ሳይጎድለው ተቀምጧል። አልሰማውም ያልኩትን ልቤ ሲሰማው ከርሟል ማለት ነው።

ምት ሰውነት ላይ ኃይል እንዳለው መካድ አይቻልም። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1998 በርሚንግሃም ላይ የቤት ውስጥ 2000 ሜትር የዓለም ሪከርድ ሲሰብር፣ «ስካትማን» የተባለው ፈጣን ዘፈን በድምፅ ማጉያ እየተሰማ እርምጃውን ከምቱ ጋር ያስማማ እንደነበር ይነገራል። በለንደኑ ብሩኔል ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ይህን ያጠኑት ኮስታስ ካራጆርጊስም ለቀላልና ለመካከለኛ እንቅስቃሴ የተስማማ ሙዚቃ የድካም ስሜትን እንደሚቀንስ ጽፈዋል። ሩጫው በጣም ሲከር ግን ያ ጥቅም እየጠፋ ይሄዳል፤ የሳንባና የእግር ጩኸት ሙዚቃውን ይበልጠዋል። የሮጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ የመጨረሻው ዳገት ላይ ምን እየተዘፈነ እንደነበር የሚያስታውስ የለም።

ይህን የድምፅ ኃይል ቀደምቶቻችንም ያውቁት ነበር። ዐረቦች ግመል ሲነዱ የሚያዜሙት «ሑዳእ» የሚባል ዜማ አላቸው፤ ግመሏ ትሰማና ትፈጥናለች። ድምፁ ያማረ አንጀሻ የሚባል ነጂ ነበር። በአንድ ጉዞ ላይ ሴቶች የተቀመጡባቸውን ግመሎች እየነዳ ሲያዜም ግመሎቹ ፈጠኑ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀስ እንዲል ነገሩት፤ የጫነው ብርጭቆ መሆኑንም በምሳሌ አስታወሱት። ሐዲሱ በቡኻሪም በሙስሊምም አለ። ዑለማዎች ሲያብራሩት ከፊሎቹ «ሴቶቹ ከፍጥነቱ የተነሣ እንዳይጎዱ ነው» አሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ «ዜማው ልባቸው ውስጥ እንዳይገባ ነው» አሉ።

ሁለቱንም ያዙልኝ። አንዱ ድምፅ እግርንም ያፈጥናል፣ ልብንም ይነካል። እኛ ስንሮጥ የምናስበው ስለ ግመሏ ብቻ ነው፤ ስንት ኪሎ ሜትር፣ በስንት ደቂቃ እንላለን። ከላይ የተጫነውን ብርጭቆ እንረሳዋለን። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ መስሚያም ማያም ልብም እንደሚጠየቁ ነግሮናል፤ ሦስቱን አንድ ላይ ጠርቷቸዋል።

ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ፈትዋ የምሰጠው እኔ አይደለሁም። በአራቱ መዝሀቦች አብዛኞቹ ዑለማዎች ከልክለዋል፤ እንደ ኢብኑ ሐዝም ያሉ የተለየ አቋም የያዙም ነበሩ። የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁና በእሱ ሂዱ። የግጥሙ ጉዳይ ግን ብዙም የሚያከራክር አይመስለኝም። ወደ ዝሙት፣ ወደ መጠጥ፣ ወደ ትዕቢት የሚጠራ ግጥም ስለተሮጠበት ሐላል አይሆንም።

«ታዲያ ቁርኣን ልክፈት» የሚል ይኖራል። እኔም ከዚያች ሱጁድ በኋላ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ጁምዓ ጠዋት ሱረቱል ካህፍን ከፍቼ ወጣሁ። የዋሻው ወጣቶች አለፉ፣ ባለ ሁለት አትክልቱ ሰውዬ አለፈ፣ ሙሳና ኸድር (ዐ.ሰ) አለፉ። ስጨርስ አንዱንም አልሰማሁም ነበር። ሰዓቴን ስመለከት፣ ውሻ ስሸሽ፣ ትንፋሼን ስቆጥር አለቀ። አላህ ቁርኣን ሲነበብ እንድናዳምጥና ዝም እንድንል አዞናል፤ ብዙ ሙፈሲሮች አንቀጹን ከሰላት ጋር ቢያያይዙትም አደቡ ግን ከሰላት ውጭም ያምራል። የአላህን ቃል በዘፈን ምት ቦታ መተካት ከበደኝ። ቀስ ብሎ እየተራመደ ወይም ሶምሶማ እየሮጠ የሐፈዘውን የሚከልስ ሰው ሌላ ነው፤ ማሻ አላህ፣ ይቀጥል። እኔ ግን ካህፍን ተቀምጬ መቅራት ይሻለኛል።

ነሺዳና መንዙማስ? ድምፅ ብቻ የሆነ፣ ትርጉሙ የጠራ ነሺዳ መልካም ነው። ግን ስሙ ነሺዳ ሆኖ ምቱ ከጭፈራ ቤት የተቀዳም ስላለ ጆሮ ይስጡት። የወሎ መንዙማን ያደመጠ ደግሞ በእርጋታ ጀምሮ በአዝማችና በጭብጨባ እየሞቀ ሲሄድ ያውቀዋል፤ ለሩጫ የተሠራ ይመስላል። ድቤውን የማይቀበሉ ዑለማዎች አሉና ይህንንም ለጠየቃችሁት ዓሊም እተዋለሁ። (ፈጅር ላይ ሁለቱንም ጆሮ መድፈን በማንኛውም ድምፅ ቢሆን አልመክርም። ከኋላ የሚመጣው ሚኒባስ የምትሰሙትን አይመርጥም።)

ሶሓቦች ያለ ድምፅ አልሮጡም። ሰለማ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ) የነቢዩን ግመሎች የዘረፉትን ሰዎች በእግሩ ሲያባርር፣ ቀስት እየወረወረ አጫጭር ግጥም ይል ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከእግረኞቻችን በላጩ ሰለማ ነው ብለው አመሰገኑት። ወደ መዲና ሲመለሱ ተቀድሞ የማያውቅ አንድ የአንሷር ሰው ለእሽቅድምድም ሲጋብዝ፣ ሰለማ አስፈቅዶ ወረደ። መጀመሪያ ዳገቱ ላይ ትንፋሹን ቆጥቦ ወደ ኋላ ቀረ፤ ከዚያ ደረሰበትና ትከሻው መሐል መታ አድርጎ ቀድሞት መዲና ገባ። ሙስሊም ዘግበውታል። የዛሬ አሠልጣኝ ከዚህ የተሻለ ምን ይላል? ሰለማን ያሮጠው ድምፅ ግን ከራሱ አፍ የወጣ ነበር።

አሁን እኔ ጋ የቀረው ይህ ነው። ጃቢር (ረ.ዐ) ስለ ጉዟቸው ሲያወሩ፣ ከፍታ ሲወጡ ተክቢራ፣ ሲወርዱ ተስቢሕ ያደርጉ እንደነበር ይናገራሉ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሮጠ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በአንድ ትንፋሽ «አላሁ አክበር» ማለት ካቃተኝ ከአቅሜ በላይ ሮጫለሁ ማለት ነው፤ እቀንሳለሁ። ሰዓት አያስፈልገኝም። ጫፍ ላይ ደርሼ ስመለስ ቁልቁለቱ እግሬን ይወስደዋል፣ «ሱብሓነላህ» ከእርምጃዬ ጋር ራሱ ይገጥማል። ኢርፎኑ ኪሴ ውስጥ ነው።

ዛሬ ደግሞ ጁምዓ ነው፤ በነቢዩ ላይ ሰለዋት የሚበዛበት ቀን። አንድ ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ስንት ሰለዋት እንደሚሞላ እስካሁን ቆጥሬ አላውቅም። ነገ ጠዋት የምትወጡ ቁጠሩና ጻፉልኝ።