አንባቢ ማን ነው?

«ማንበብ» የሚለው ቃል ዕለት ዕለት በአፋችን ስለሚመላለስ ፍችውን የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። የካምፓላ ከተማ ግን እንድንመረምረው ታስገድደናለች። በሉጋንዳ ቋንቋ ማንበብ «ኦኩሶማ» ይባላል፤ መማርም ኦኩሶማ ነው፤ በቀደመው ዘመን ሃይማኖትን መከተልና መጸለይ እንኳ በዚሁ ቃል ይጠራ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1877 የእንግሊዝ፥ በ1879 ደግሞ የፈረንሳይ ሚሲዮናውያን ወደ ቡጋንዳ በደረሱ ጊዜ፥ ትምህርታቸውን የተቀበሉት ወጣቶች «አባሶሚ» ተባሉ፤ አንባቢዎች ማለት ነው። ንጉሥ ምዋንጋ ጁን 3 ቀን 1886 በናሙጎንጎ በእሳት ያስቃጠላቸው፥ ካቶሊኮችም አንግሊካኖችም፥ እነዚህ አንባቢዎች ነበሩ።

ምን ያህል አንብበው ነበር? ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በሉጋንዳ ታትሞ የወጣው በ1896 ነው፤ ከሞታቸው ዐሥር ዓመት በኋላ። በገዛ ቋንቋቸው ያዩት አሌክሳንደር ማካይ የተባለው መሐንዲስ በትንሽ ማተሚያ ያወጣቸውን ጥቂት ገጾች ነበር። ቢሆንም አንባቢ የሚለውን ስም እንደ እነርሱ በውድ ዋጋ የገዛው ጥቂት ነው።

እንግሊዞች «ሪድ» የሚሉት ቃል በጥንት ቋንቋቸው መምከር፥ ደግሞም እንቈቅልሽ መፍታት ማለት ነበር፤ የጀርመኖች «ራተን» እስከ ዛሬ መምከርንና መገመትን አጣምሮ ይዟል። የሮማውያን «ሌጌሬ» ማንበብም መልቀምም ነው። የግሪኮቹ «አናጊኖስኮ» ዳግመኛ ከማወቅ የመጣ ነው።

የእኛ ቃል ግን ሌላ መንገድ ይሄዳል። በግእዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ነው፤ «አንበበ» ደግሞ ከዚሁ የወጣ ነው፥ እንዲናገር አደረገ እንደ ማለት። ስለዚህ በአባቶቻችን ዘንድ አንባቢ ማለት ዝም ያለውን ብራና የሚያናግር ሰው ነው፤ ማንበብም ከዐይን ይልቅ የድምፅ ሥራ ነው። በንባብ ቤት ሕፃኑ አስቀድሞ ፊደል ይቈጥራል፤ በኋላም ዳዊት ይደግማል። የግእዙ ምሥጢር ግን ቅኔ ቤትና ትርጓሜ ቤት እስኪገባ ድረስ ይጠብቀዋል። (መድገም ከሚለው ቃል ጸሎትም ድግምትም መውጣቱ የሚያስገርም ነው። የእንግሊዝኛው «ስፔል» ደግሞ ፊደል ቈጥሮ ቃል ማውጣትም አስማትም ይባልበታል። ያልተረዱት ቃል አስማት መምሰሉ በየአገሩ ነው።)

አሁን ወደ ካምፓላ እንመለስ። በካባላጋላና በካንሳንጋ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ልጆቻቸውን የአማርኛ ፊደል በትጋት የሚያስቈጥሩ አሉ። ልጁ በጉባኤ ፊት ቆሞ ምዕራፉን ሳይደናቀፍ ይወጣዋል፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ምን እንዳነበበ ቢጠየቅ ግን ዝም ይላል፤ የሚያስበው በእንግሊዝኛና በሉጋንዳ ነውና። ይህን ልጅ አንባቢ ብሎ ማመስገን እውነት ነውን? አንዳንዶች ይህ የበቀቀን ሥራ ነው፥ በእንግሊዝኛው ብቻ ያንብብ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ፊደሉ ከተያዘ ይበቃል ይላሉ። ሁለቱም የቸኰሉ ይመስለናል።

በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብብ ነበር። ፊልጶስ ሮጦ ሲቀርብ ድምፁን ሰማ፤ ያስተውለው እንደ ሆነም ጠየቀው። የግሪኩ ጽሕፈት በዚህ ስፍራ ማወቅንና ማንበብን ከአንድ ሥር በወጡ ሁለት ቃላት ጐን ለጐን አኑሮአቸዋል። ጃንደረባው ብዙ ገንዘብ የሚያስተዳድር ሹም ሲሆን፥ የሚመራው ሰው ከሌለ እንደማይችል ለመናገር አላፈረም። ፊልጶስም እስክታስተውል ድረስ መጽሐፉን ዝጋው አላለውም። ደግሞም መልካም አነበብህ ብሎ፥ አመስግኖት አልተመለሰም። ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ከዚያው ካነበበው ክፍልም ጀመረ።

ጃንደረባው በልቡ ብቻ አንብቦ ቢሆን ኖሮ ፊልጶስ ምን ይሰማ ነበር? ያልተስተዋለ ንባብም ቢሆን ሌላውን ሰው ይጠራል። ስለዚህ የልጁ ድምፅ አይናቅ፤ ነውሩ አጨብጭቦ በሚሄደው ላይ ነው። ዝም ያለውን ገጽ ያናገረ ልጅ የድርሻውን ሠርቷል፤ ወደ ሠረገላው መውጣት ግን የታላላቆቹ ፋንታ ነው።

ጃንደረባው ነቢዩ የሚናገረው ስለ ማን እንደ ሆነ ጠየቀ። የካባላጋላው ልጅ ምናልባት ከዚያ ያነሰ ይጠይቃል፤ «ሸላች» ማለት ምንድር ነው ይል ይሆናል። እናት በአማርኛ ትንገረው፤ እርሱም በእንግሊዝኛ ይመልስላት፤ የጎረቤት ልጅ ካለም በሉጋንዳ ይጨምርበት። ለአንድ ገጽ አንድ ምሽት ይበቃቸዋል።