መልክና ፍርድ

ከሰው አካል ሁሉ ሰው አስቀድሞ የሚያየው፥ አይቶም የሚፈርድበት ቆዳው ነው። ነቢዩ ኤርምያስ እንኳ የማይለወጥ ነገር ምሳሌ ባስፈለገው ጊዜ የኢትዮጵያዊን መልክ ጠቀሰ። ዛሬ ደግሞ ቆዳችንን የሚመለከት አዲስ ዓይን ተነሥቷልና፥ ይህ ዓይን ሲሳሳት በደሉ የማን እንደ ሆነ መመርመር የሚገባ ይመስለናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት 129,450 ያህል የቆዳ ሕመም ሥዕሎችን ለኮምፒዩተር አሳዩት። ደንብ አልጻፉለትም፤ የየሥዕሉን በሽታ ስም እየነገሩ ምሳሌ ብቻ ሰጡት፤ እርሱም ልዩነቱን ከምሳሌው አወጣ። ከዚያም ከ21 የቆዳ ሐኪሞች ጋር በፈተና ቢያወዳድሩት፥ ካንሰርን ከሌላው በመለየት ከእነርሱ የማያንስ ሆኖ ተገኘ። የቆዳ ሐኪም ለማይገኝበት አገር ይህ ታላቅ ተስፋ መሆኑን የሚክድ የለም።

ዳሩ ግን በምሳሌ የሚማር ሁሉ ከምሳሌው ጋር ያልታሰበለትንም ይማራል። በዚያው በስታንፎርድ በኋላ እንደ ተገለጠው፥ በሥዕሉ ውስጥ ማስመሪያ ካለ መኪናው ቁስሉን ካንሰር ወደ ማለት ያዘነብል ነበር። ምክንያቱን ማወቅ አያዳግትም፤ ሐኪም ማስመሪያ አስጠግቶ ፎቶግራፍ የሚያነሣው የሚያሠጋውን ቁስል ነውና። ዜማውን ሲያጠና የመምህሩን ሳል አብሮ የሚያጠና የቆሎ ተማሪ ይመስላል።

በሥዕሉ ላይ ያለው እንዲህ ካሳተው፥ በሥዕሉ ላይ የሌለውስ ምን ያደርገው ይሆን? እነዚህ ሥዕሎች አብዛኛውን የተሰበሰቡት ከነጮች ገላ ነው። በነጭ ቆዳ ላይ ቀልቶ የሚታየው ብግነት በጥቁር ቆዳ ላይ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ግራጫ ያደላል። ሜላኖማ የተባለው ካንሰርም ጥቁር ሰውን ሲይዝ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ እምብዛም በማይነካው በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ነው፤ በ1981 ዓ.ም. ያረፈው ዘፋኙ ቦብ ማርሌ የታመመው በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ነበር። በ2022 ዓ.ም. ልዩ ልዩ መልክ ካላቸው ሰዎች 656 ሥዕሎች ተመርጠው የታወቁ መኪናዎች ቢፈተኑባቸው፥ በጥቁሩ ቆዳ ላይ ደከሙ። የበለጠ የሚያስደንቀው ግን በዚያው ላይ ሐኪሞቹም መድከማቸው ነው።

ስለዚህ ጥፋቱን በመኪናው ላይ መጣል ትክክል አይመስለንም። መኪና የሚንቀው ሰው የለውም፤ ያሳዩትን አይቷል። «አላየሁም» የሚል ሰው ከወቀሳ ነጻ ነው ብለን እንድንፈርድ ልማድ ያስገድደን ይሆናል፤ ነገር ግን ሊያይ ሲችል ሳያይ ቀርቶ፥ ይልቁንም ሳያይ የፈረደ ሰው በዚህ ቃል ማምለጥ አይችልም። ፊትዝፓትሪክ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1975 ዓ.ም. ቆዳን በፀሐይ እንደሚቃጠልበት መጠን ሲከፋፍል፥ አስቀድሞ የነጮችን ቆዳ በ4 ከፈለ፤ ቡናማውና ጥቁሩ 5ኛና 6ኛ ሆነው የተጨመሩት በኋላ ነው። የእኛ ባላገር ግን ያለ አንዳች መሣሪያ ቀይ፥ ቀይ ዳማ፥ ጠይም፥ ጥቁር እያለ ይለያል። (ይህንንም ዕውቀት ሰውን ለማማረጥና ለመናቅ ያዋለው ብዙ መሆኑ አይካድም።)

መድኃኒቱ ቀላል ይመስላል፤ የጥቁር ሰዎችን ሥዕል ጨምሮ ማስተማር ነው። በ2022ቱ ምርመራም ይህ ሲደረግ ልዩነቱ ተወግዷል። ነገር ግን ሥዕሉን የሚሰጠው ማን ነው? በአዲስ አበባ በዘነበ ወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1965 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲታከሙበት የኖረ ነው። ጎረቤት የሸሸውን፥ ገላውን በነጠላ ሸፍኖ የሚሄደውን ሰው «ለሚመጡት ጥቅም ተገልጠህ ታይ» ማለት ይገባልን? ፊቱን ቢሰውሩለት እንኳ አንገት ላይ ያለ ንቅሳት ባለቤቱን ለአገሩ ሰው ያስታውቃል።

በበኩላችን መጠየቁ ይገባል እንላለን፤ አለዚያ ያለማየቱ በደል ይቀጥላልና። የሚጠይቀው ግን አስቀድሞ መድኃኒቱን የሰጠ ሰው ይሁን፤ በሽተኛው እምቢ ቢል ከሕክምናው አንዳች አይጉደልበት። ከሥዕሉ የተሠራው መኪናም ወደ ወረዳው ጤና ጣቢያ ሳይደርስ በሌላ አገር ብቻ የሚሸጥ ከሆነ፥ ልመናው ልመና መሆኑ ቀርቶ ቅሚያ ይሆናል።

ደግሞም በሥዕል የማይገኝ አለ። የሥጋ ደዌ ዋና ምልክት ከመልኩ መለወጥ ይልቅ የቦታው መደንዘዝ ነው። ስለዚህ የጤና ሠራተኛው በሽተኛውን ዓይናቸውን አስጨፍኖ የገረጣውን ቦታ በጥጥ ጫፍ ቀስ ብሎ እየነካ፥ «የት ላይ ነካሁዎ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እርሳቸውም በጣታቸው ያመለክታሉ፥ ወይም ዝም ይላሉ።