ቅባት ለደህና ቆዳ ነው

ልጄ፣ ማታ ማታ ቅባት እያዘጋጀሽ በስልክ መሸጥ መጀመርሽን ሰማሁ፤ ደስም አለኝ። ቅቤውም እሬቱም ከርቤውም የእናቶችሽ እውቀት ያለበት ነው፤ ብታድሪበት ያስመሰግንሻል። ከምርቃቴ በፊት ግን አንድ ነገር ያዢልኝ። ሰው ቅባት ፍለጋ ሲመጣሽ ዋጋ ከመናገርሽ በፊት "ቆዳሽ ደህና ነው ወይስ ተከፍቷል?" ብለሽ ጠይቂ። ቅባት ለደህና ቆዳ ነው። የተከፈተ ቁስል ሌላ ሐኪም አለው።

ከደህናው ቆዳ ልነሳ። ለጋ ቅቤ ገላን የሚያለሰልሰው ውስጥ ያለውን እርጥበት ከድኖ ስለሚያቆይ ነው። ስለዚህ ከታጠቡ በኋላ ገላው ሳይደርቅ መቀባት እንደሚሻል ለገዢዎችሽ ንገሪ። ለጋው ውሃና የአሬራ ቅሪት ስላለበት ቶሎ ይሸታል፤ ለሽያጭ ከሆነ አንጥሪው፣ ግን ያለ ቅመም። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ቅቤ ለወጥ እንጂ ለፊት አይሆንም። የኑግ ዘይትም አትናቂ። ከቅባቱ አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው፣ ቆዳ መከላከያውን የሚሠራበት ዓይነት ነው። ብርሃንና ሙቀት ስለሚያበላሹት በጥቁር ጠርሙስ፣ ጥቂት ጥቂት እያልሽ አዘጋጂ።

ቅባት ትልቅ ሥራ የሚሠራው ደግሞ እግር ላይ ነው። ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ገበሬዎች ዝሆኔ ሊይዛቸው ይችላል። መከላከያው ጫማ ነው። ለያዘውም ሰው ቢሆን እግርን በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት መቀባት፣ ከዚያ ካልሲና ጫማ ማድረግ ብዙ ያቃልልለታል። ውድ ነገር አያስፈልግም፤ ተራ ቫዝሊን ይበቃል።

እሬትን በጥንቃቄ ያዢ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ ዓይነት እሬት ይበቅላል፤ ሁሉም አንድ አይደለም። ቅጠሉን ስትቆርጪው ከልጡ ሥር የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ቆዳን ያስቆጣል፤ ዘቅዝቀሽ አንጠፍጥፊው። የሚፈለገው ውስጡ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ነው። እሱም ውሃ ስለሚበዛው ፍሪጅ ውስጥ እንኳ ከጥቂት ቀን አያልፍም።

"ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም" የሚለውን ማስታወቂያ ግን ከአፍሽ አታውጪው። ሸማ የሚያነጣው እንዶድ ምን ኃይል እንዳለው ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ አይተዋል፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ነበር። ከዚያ የተነሳው ምርምር በቀንድ አውጣ በኩል በሚተላለፈው ብልሃርዚያ ላይ ዋለ። ያ ኃይል ዓይን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አስቢው። ሎሚና ጤና አዳምም ተቀብተው ፀሐይ ላይ ሲወጡባቸው ቆዳን ያቃጥላሉ፤ ውሃ ያቋጥራል፣ ጥቁረቱም ለወራት ላይለቅ ይችላል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ታስሮ ሲያድር ያቆስላል። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ስለዚህ ማንኛውንም አዲስ ቅባት መጀመሪያ በክንድ ውስጠኛው በኩል ትንሽ ቀብተሽ ሁለት ቀን ጠብቂ።

አሁን ወደ ተከፈተው ቆዳ ልምጣ። ለተቃጠለ ሰው ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና አትስጪ፤ ሙቀቱን ውስጥ ያስቀሩታል፣ ቁስሉንም ያቆሽሻሉ። ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ይውረድበትና ሰፊ ከሆነ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የአራስ ልጅ እትብት ላይ ቅቤ መቀባት ደግሞ ጨርሶ ይቅር። ቆሻሻ በዚያ በኩል ከገባ መንጋጋ ቆልፍ ሕፃኑን ይገድላል። ማር ቁስል ላይ እንደሚሠራ እውነት ነው። ውሃው ከ20 በመቶ ያነሰና አሲድነት ያለው ስለሆነ ተሕዋስያን አይመቻቸውም። ሐኪም ቤት የሚውለው ማር ግን ከጀርም የጸዳ ነው፤ ከገበያ የመጣው ስኳር ተቀላቅሎበት እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላል። ቅባት ከመደበቂያዎቹ አንዱ ነው። ፈዘዝ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ነጠብጣብ ያለበት ሰው ቢመጣሽ ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ በጊዜ ከተጀመረ ጣትና ዓይን ይተርፋል። ፊት ላይ ወጥቶ ለወራት የማይድን ቁስልም ቁንጭር ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ይፈልጋል። እነዚህን በቅባት እያባበልሽ አታቆዪያቸው። አዲስ አበባ ከሆንሽ ለቆዳ ሕመም የታወቀው አለርት ሆስፒታል አለልሽ።

አንድ ፈተና ደግሞ ይመጣብሻል። ፊት ቶሎ የሚያቀላ ቅባት የሚጠይቅሽ ይበዛል። ክሎቤታሶልን የመሰለ የፋርማሲ ክሬም ከቅቤና ከእሬት ጋር ለውሶ "የተፈጥሮ" ብሎ የሚሸጥ አይጠፋም። በሳምንት ያምራል፤ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ሲተውት ደግሞ ፊቱ ይቆጣል። ገንዘቡ ቢያጓጓሽም እምቢ በይ።

እንግዲህ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ምን ምን እንዳለበት፣ መቼ እንደተዘጋጀና እስከ መቼ እንደሚቆይ ጻፊ። ከሥሩ "ለተከፈተ ቁስል አይሆንም" ብለሽ በጉልህ ጨምሪ። አንዳንድ ገዢ በዚህ ምክንያት ሊመለስ ይችላል፤ ይመለስ። ቆዳውን ጎድተሽ ከምታስቀሪው፣ ሳትሸጪለት ወደ ሐኪም የላክሽው ሰው ነገ ያምንሻል።